ጋሽ ሜትር የሰፉት ቁምጣ

ዝናቡ ባይጥል ኖሮ ይህ ሁሉ ነገር አይመጣም ነበር። ጋሽ ሜትር የዚያን ዕለት ከሰዓት በኋላ ሱቃቸውን ቆልፈው የወጡት ኮሌጁ ድረስ ሄደው፣ ዲኑን አግኝተው፣ ቁርጥ ያለ ነገር ተናግረው ሊመለሱ ነው። ግን የኮሌጁን ግቢ ገና አጋምሰው ሳይጨርሱ ሰማዩ ዱብ ዱብ ማለት ጀመረ። ልብስ ሰፊ ናቸውና ከራሳቸው ይልቅ ለኮታቸው ሳስተው፣ ኮሌታቸውን ይዘው ሮጡና አንድ በረንዳ ስር ገቡ።

ጋሽ ሜትር የሚለውን ስም ያወጣላቸው ሰፈሩ ነው። መለኪያ ሜትራቸው ከአንገታቸው ወርዶ አያውቅም፤ ሐኪም ቤት እንኳ አንጠልጥለውት ሄደው ሐኪሙ «አባቴ፣ ማነው ማንን የሚመረምረው?» ብሎ ስቆባቸዋል። በሥራቸው ደግሞ ኩራታቸው አይጣል ነው። ሌላው ልብስ ሰፊ ደንበኛውን ለፕሮቫ እያመላለሰ፣ ያላለቀ ልብስ እያስለበሰና እያስወለቀ ሲያየው ሲያርመው፣ እሳቸው «ፕሮቫ መለካት ለማይችል ሰው ነው» ይላሉ። አንዴ «ቀጥ በል፣ አትነቃነቅ» ብለው ይለካሉ፤ በቀጠሮው ቀን ልብሱን ተኩሰው፣ አጣጥፈው ያስረክባሉ። ሳያልቅ ማንም አይለብሰውም። እስከዚያች ሳምንት ድረስ አንድም ሰው ጠበበኝ ብሎ ተመልሶባቸው አያውቅም።

በረንዳው ስር አንዲት ወጣት ቀድማቸው ቆማለች። በአንድ እጇ በመረብ የታሰሩ ኳሶች ይዛለች፤ በትከሻዋ ደግሞ አፉ በቅጡ ያልተዘጋ ትልቅ ከረጢት አንግታለች።

«ወደዚህ ጠጋ ይበሉ አባቴ፤ እዚያ ጋ ያፈሳል» አለቻቸው።

«እግዜር ይስጥልኝ ልጄ። ተማሪ ነሽ?»

«ነበርኩ። አሁን የሴቶቹን የእግር ኳስ ቡድን አሰለጥናለሁ።»

ጋሽ ሜትር ቀና ብለው አዩዋት። ፍለጋ የወጡበት ጉዳይ ራሱ መጥቶ አጠገባቸው ቆሟል።

«እንግዲያው ዲኑ ይቅርብኝ፤ ላንቺው ልንገርሽ» አሉ። «እዚህ ሁለተኛ ዓመት የምትማር ልጅ አለችኝ። ቤተ መጻሕፍት ናት ስል፣ ትናንት ፀጉር አስተካካዩ ጎረቤቴ ሱቁ ሙሉ ሰው ፊት “ልጅህን ሜዳ ላይ ኳስ ስታሳድድ አየኋት” አለኝ። ግማሽ ጉንጬን ተላጭቼ ነበር፤ ግማሹን ትቼ ተነስቼ ወጣሁ።»

አሰልጣኟ ሰረቅ አድርጋ አየቻቸው። እውነትም የቀኝ ጉንጫቸው ልሙጥ ነው፤ ግራው ግን ሽበቱን እንደያዘ ነው። ሳቋን ዋጥ አደረገች።

«ረጅሟ ናት? ስትሮጥ ጭንቅላቷን ዘንበል የምታደርገው?»

«እንዴት እንደምትሮጥ እኔ ምን አውቃለሁ።»

«እሷ ከሆነች እኛ “ሽው” ነው የምንላት። ሽው ካለች እልም ናት፤ የሚይዛት የለም። ቅዳሜ የኮሌጆች የዋንጫ ጨዋታ አለብን። እሷ ከሌለች ጉዳችን ፈላ።»

«ልነግርሽ የመጣሁት እንዲያውም እሱን ነው፤ የለችም። ስሟን ሰርዙልኝ።»

ዝናቡ ባሰበት፤ ሁለቱም የትም መሄድ አይችሉም። አሰልጣኟ ኳሶቹን መሬት አስቀመጠችና በትህትና ጠየቀች።

«ቅር ካላለዎት አባቴ፣ ምክንያትዎን ልስማ?»

«ኧረ ምን ቅር ይለኛል። የላኳት ለትምህርት ነው እንጂ ለኳስ አይደለም። ደሞስ እግሯ ቢሰበር? ያን ሁሉ ሕዝብ ፊት ስትሯሯጥስ ሰው ምን ይላል? እኔ ልጄን ጠላሁ እንዳትይኝ። አንድ ናት፤ ስለምሳሳላት ነው።»

«ስለሚሳሱላትማ ነው እዚህ ድረስ የመጡት፤ ይገባኛል። ግን ስለ ትምህርቱ ስጋት አይግባዎ። እዚህ በትምህርቷ የወደቀች ልጅ ኳስ አትነካም፤ ደንቡ ነው። ልጅዎ ከእኛ ጋር ከሆነች ወዲህ ውጤቷ ጨመረ እንጂ አልቀነሰም። አምና መምህር ስሟን ሲጠራ “አለሁ” ለማለት የምታፍር ልጅ ነበረች። ዛሬ ሜዳ ላይ “ግራሽን እዪ፣ ኋላሽን ጠብቂ” እያለች ጓደኞቿን የምትመራው እሷ ናት። ክፍል ውስጥም እጇን አውጥታ ትጠይቃለች አሉ። ስለ ስብራቱ አልዋሽዎትም፤ ጉዳት አለ፤ ለዚህ ነው ሰውነታችንን ሳናፍታታ የማንጀምረው። ግን ቁጭ ብሎ የሚውል ሰውስ መች ከሕመም ያመልጣል? እርስዎ ከስፌት ማሽኑ ሲነሱ ወገብዎን አይዙም?»

ጋሽ ሜትር በዚያች ሰዓት ወገባቸውን ይዘው ነበር። ቀስ ብለው ለቀቁት።

«ሰው ምን ይላል ያልኩሽንስ?»

«ለእሱ እንኳ መልስ የለኝም። ሰው ያለውን ይላል። እኔ የማየው ሌላ ነገር ነው። አንዷ ስትወድቅ ሌላዋ ታነሳታለች። ኳስ የሳተችዋን ማንም አይሰድባትም። ተሸንፈው አልቅሰው ይሄዳሉ፤ በማግስቱ ደግሞ ቀድመውኝ ሜዳ ላይ አገኛቸዋለሁ። ይሄን በሰሌዳ ጽፌ ላስተምራቸው ብል እችላለሁ?»

ጥሩ ተናገረች። ሰው በጥሩ ንግግር ብቻ ሐሳቡን የሚቀይር ቢሆን ኖሮ ግን ዓለም ድሮ በተስተካከለች ነበር። ጋሽ ሜትር «ብለሻል» አሉ እንጂ ከአቋማቸው ንቅንቅ አላሉም። የነቀነቃቸው ከረጢቱ ነው። ትከሻዋን ልታሳርፍ ብላ ስታወርደው አፉ ተከፈተና ውስጡ ያለው ማሊያና ቁምጣ በረንዳው ላይ ተዘረገፈ።

ጋሽ ሜትር አንዱን ቁምጣ በሁለት ጣታቸው አነሱት። ሁለት ሰው ያስገባል። ወገቡ ታጥፎ፣ ታጥፎ በመርፌ ቁልፍ ተይዟል፤ የጎኑ ስፌት ተተርትሮ በሌላ ቀለም ክር ተሰፍቷል።

«ይሄ ምንድነው?»

«የወንዶቹ ቡድን ሲያረጅበት ለእኛ ይሰጠናል። አጥብበን እንለብሰዋለን።»

«ልጄ ይሄን ለብሳ ነው ሰው ፊት የምትወጣው? የእኔ ልጅ? የልብስ ሰፊ ልጅ በመርፌ ቁልፍ?»

«የዋንጫ ጨዋታውንም በእሱ ነው የምንገባው።»

ጋሽ ሜትር ቁምጣውን ገለበጡት፣ ስፌቱን አዩት፣ እንደገና ገለበጡት። ፊታቸው ቀላ። ልጃቸው ኳስ መጫወቷን ሰምተው አንድ ሌሊት ተኝተዋል፤ እንዲህ ያለ ስፌት ግን አይተው ተኝተው የሚያልፉት አይደለም።

«ስሚኝ» አሉ በመጨረሻ። «ቅዳሜ ትጫወት። ቁምጣውን ግን እኔ ነኝ የምሰፋው፤ በእኔ አለካክ፣ በእኔ ወግ። ለደንብ ልብስ ታዝዞ የቀረ ሰማያዊ ቴትሮን ጨርቅ አለኝ፤ ለሁላችሁም ይበቃል። ካሸነፋችሁ ቁጭ ብለን እንነጋገራለን። ከተሸነፋችሁ ግን ልጄ ዳግመኛ ኳስ አትነካም። ይሄ ነው ቃሌ።»

አሰልጣኟ ትንሽ አሰበች። ከዜሮ ይሻላል ብላ እጇን ዘረጋች። ዝናቡም አባራ።

በማግስቱ ልጆቹ ሱቁ በር ላይ ተሰለፉ። ጋሽ ሜትር እያንዳንዷን «ቀጥ በይ፣ አትነቃነቂ፣ ትንፋሽሽን ያዢ» እያሉ ለኩ። የገዛ ልጃቸው ተራ ሲደርስ ሁለቱም ተፋፈሩ።

«አባዬ፣ ተቀይመኸኛል?» አለች፣ ትንፋሿን እንደያዘች።

«ስለካ አትናገሪ።»

«ልነግርህ ፈልጌ ነበር። እንቢ ትለኛለህ ብዬ ፈራሁ። እንቢ ካልከኝ እንደምተወው አውቃለሁ፤ መተው ደግሞ አልፈለግኩም።»

አባት ሜትራቸውን ጠቀለሉ፣ ፈቱ፣ መልሰው ጠቀለሉ። «ቀጣይ» አሉ።

ጨርቁን ሲቆርጡ ከእጃቸው ይልቅ ሐሳባቸው ይሠራ ነበር። ከእኔ ሱቅ ራቁቷን የወጣች ልጅ አለች እንዳይባል ብለው ቁምጣውን ከጉልበት በታች አወረዱት። ወደ ላይ እንዳይሰበሰብ ብለው ደግሞ ጉልበቱ ጋ ጠበብ አደረጉት። አሰልጣኟ አንድ ቀን ብቅ ብላ አየችው።

«አባቴ፣ ትንሽ ሰፋ ቢልስ? ወይ አንዷ ልጅ ለብሳ ትሞክረው።»

«ልጄ፣ እኔ ኳስ እንዴት እንደሚመታ አስተምሬሽ አውቃለሁ?»

«አያውቁም።»

«እንግዲህ።»

ቅዳሜ ጠዋት ቁምጣዎቹ ተተኩሰው፣ እንደ ሙሽራ ሱሪ ቀጥ ያለ መስመር ወጥቶላቸው፣ ተጣጥፈው ሜዳ ድረስ ሄዱ። ልጆቹ ሲለብሱ በጣም ያምሩ ነበር። ቆመው ሳሉ።

የሜዳው ዙሪያ በሰው ጢም ብሏል። ጋሽ ሜትር ከጎናቸው ጎረቤታቸውን ፀጉር አስተካካዩን ይዘው ተቀምጠዋል። ሁለቱ ታርቀው የጋሽ ሜትር ግራ ጉንጭም ተላጭቷል። እኚህን ሰው ሰፈሩ ጋሽ ምላጭ ይላቸዋል፤ ምላጫቸውን ሰው እንዳይነካባቸው በመሐረብ ጠቅልለው በደረት ኪሳቸው ይዘው ስለሚዞሩ ነው፤ ምላሳቸውም ከምላጩ አያንስም።

ጨዋታው ተጀመረ። ኳሷ ወደ ቀኝ መስመር ስትሄድ ሕዝቡ «ሽው! ሽው!» እያለ ጮኸ። ጋሽ ሜትር ማንን ነው ብለው ዞር ዞር አሉና የሚጠሩት ልጃቸውን መሆኑ ትዝ ሲላቸው ደረታቸው ሞቅ አለ። ግን ሽው እልም አላለችም። ሁለት እርምጃ ተራመደች፣ እግሯ ተያዘ፣ ኳሷ አመለጠቻት። ሌላዋ ለመምታት እግሯን ስታነሳ መሃል ላይ ቀረባት። ሦስተኛዋ ዞር ልትል ስትል በአፍጢሟ ተደፋች። የተጋጣሚው ኮሌጅ ልጆች እንደ ልባቸው እየሮጡ መጥተው አንድ ግብ አገቡ።

«አላልኩህም?» አሉ ጋሽ ምላጭ። «ሴት ልጅ ለሩጫ አልተፈጠረችም። አረማመዳቸውን እየው እስቲ፤ ዳክዬ በላቸው።»

«እነዚያኞቹስ ምንድን ናቸው? ወንዶች ናቸው?»

ጋሽ ሜትር ይህን ሲሉ ዓይናቸው ልጃቸው ጉልበት ላይ ተተክሏል። እግሯን ዘርጋ ልታደርግ ባለች ቁጥር ጨርቁ ከጉልበቷ እስከ ጭኗ ድረስ ክርር ብሎ ይሸበሸባል። ልብስ ሰፊ ያንን ሽብሽብ ያውቀዋል፤ ጨርቅ አልበቃኝም ሲል እንደዚያ ነው የሚያደርገው።

«እግሯ ምንም አልሆነም» አሉ፣ ድምፃቸው ዝቅ ብሎ። «ስፌቱ ነው። የያዛት የእኔ ስፌት ነው።»

ጋሽ ምላጭ ቁምጣውን አዩ፣ ጓደኛቸውን አዩና ወደ ጆሯቸው ጠጋ አሉ።

«እና ምን ችግር አለው? ዝም በላ። ከተሸነፉ ኳሱን ትተዋለች፤ የፈለግከው ይሄ አይደል? ሳትናገር፣ ሳትጣላ ቤትህ ትገባለች።»

ነገሩ እውነት ነው። ጋሽ ሜትር ዝም ብለው ቢቀመጡ ሁሉም ነገር እንዳሰቡት ይሆናል። ልጅቱ የአባቷን ቃል ታከብራለች፤ ሰፈሩም አፉን ይዘጋል። እሳቸው ግን የሚያዩት ሌላ ነው። ልጃቸው እንደገና ወደቀች፤ እንደገና ተነሳች፤ ቁምጣዋን አራግፋ ወደ አባቷ አየችና ፈገግ አለች። ጠበበኝ አላለችም። የአባቷን ሥራ ሰው ፊት ላለማዋረድ እየወደቀች ፈገግ ትላለች። ጋሽ ሜትር ይህን ሲያዩ እንባቸው መጣ።

«አይሆንም» አሉ ተነስተው። «እኔ አስሬ ይዣት፣ መሮጥ አልቻለችም ብዬ ልፈርድባት? ተነስ፤ ምላጭህን አምጣ።»

«ምላጬን? ምላጬን ሰው አይነካውም።»

«እንግዲያው አንተው ያዘው። ና!»

የዕረፍት ፊሽካ ሲነፋ ሁለቱ ሽማግሌዎች ልብስ መቀየሪያው ክፍል በር ላይ ደርሰዋል። ውስጥ መግባት ነውር ነውና ደጃፉ ላይ አግዳሚ ወንበር ስበው ተቀመጡ። ጋሽ ሜትር በሩን አንኳኩተው አሰልጣኟን ጠሩ።

«ልጄ፣ አጥብቤዋለሁ። ጥፋቱ የእኔ ነው። ፎጣ ይታጠቁና ቁምጣዎቹን ወርውሪልኝ።»

አሰልጣኟ «ብዬዎት ነበር» ማለት ትችል ነበር። አላለችም፤ ቁምጣዎቹን አንድ በአንድ በበሩ ክፍተት ታቀብላቸው ጀመር። ጋሽ ሜትር የትኛው ክር ጋ እንደሚጀመር በጣታቸው ያሳያሉ፤ ጋሽ ምላጭ ፀጉር በለመደ እጃቸው የጎንና የጎኑን ስፌት ከታች እስከ ጭን ድረስ ይተረትራሉ፤ ጋሽ ሜትር ደግሞ ከዚያ በላይ እንዳይሄድ ጫፉን በመርፌ ቋጠር ያደርጋሉ።

«ቀስ በል፣ ጨርቁን ትቆርጠዋለህ።»

«አንተ ሰው፣ እኔ ስንት ማጅራት የያዝኩ ሰው ነኝ፤ አንድም ጆሮ አልቆረጥኩ» አሉ ጋሽ ምላጭ። ይሁን እንጂ ላባቸው ጠብ ጠብ ይል ነበር፤ የማን ደጋፊ እንደሆኑም በዚያ ሰዓት ረስተውታል።

ልጆቹ ወደ ሜዳ ሲመለሱ ቁምጣቸው እንደ ባንዲራ ይውለበለባል። ዳኛው ጎንበስ ብሎ አየው፣ ሁሉም አንድ ዓይነት መሆኑን አረጋገጠና ፊሽካውን ነፋ። ከዚያ በኋላ የሆነው ለማውራት አጭር ነው። ኳሷ ወደ ቀኝ መስመር ሄደች፣ ልጅቱ ጭንቅላቷን ዘንበል አደረገች፣ ሽው አለች፣ እልም አለች። ጋሽ ሜትር ልጃቸው እንደ ልቧ ስትሮጥ ሲያዩ የመጀመሪያ ጊዜያቸው ነው። እንዲህ ያለ ነገር በገዛ ቤታቸው ሲያድግ እንዴት አላየሁትም ብለው ቆጫቸው፤ ደስታቸውም ከቁጭቱ እኩል ነበር። እሷ ያሻገረችውን ጓደኛዋ አገባችው። ሊያበቃ ጥቂት ሲቀረው ደግሞ ራሷ አገባች። ጋሽ ምላጭ ወንበር ላይ ቆመው «ያቺ የተረተርኩት ናት!» እያሉ ይጮሁ ነበር።

ዋንጫው ከተነሳ በኋላ ልጅቱ ጭቃዋን ሳትታጠብ መጥታ አባቷ ፊት ቆመች።

«አባዬ፣ ካሸነፋችሁ እንነጋገራለን ብለህ ነበር።»

«ብያለሁ።»

«ብንሸነፍ ኖሮስ?»

«ብትሸነፉ ኖሮ የተሸነፈው የእኔ ቁምጣ ነበር፤ አንቺ አልነበርሽም» አሉና፣ ኮታቸው ጭቃ እንደሚነካ እያወቁ አቀፏት። «ተጫወቺ ልጄ። ብቻ ቤተ መጻሕፍት ነኝ እያልሽ አይሆንም። ንገሪኝና እኔም መጥቼ ልይሽ።»

ነገሩ በዚህ ቢያበቃ ጥሩ ነበር፤ ግን ጋሽ ምላጭ አሉ። ደስታቸው ዓመት አልቆየም። የልጅ ልጃቸው ያንን ጨዋታ አይታ ኖሮ፣ እሷም ዘንድሮ ኮሌጁ ገብታለችና ቡድኑ ውስጥ ልመዝገብ ስትል ሰውየው ግር አላቸውና ጋሽ ሜትር ሱቅ መጡ።

«የሰው ልጅ ስትጫወት ማየት ሌላ ነው፤ የራስ ሲሆን ይከብዳል» አሉ። «እስቲ አንተ ንገረኝ፤ ምን ትጠቀማለች?»

ጋሽ ሜትር ማሽኑን አቆሙ። «እኔም ይሄንኑ ጠይቄ ነበር፤ ያየሁትን ልንገርህ። ልጄ ድሮ ስትጠራት ከበር ጀርባ ነበር የምትመልስልህ፤ አሁን እንግዳ ሲመጣ ወጥታ ታስተናግዳለች። ማታ ስትተኛ ድብን ብላ ነው፤ ጠዋት ቀስቅሱኝ የለም። ጊዜዋ ጠባብ ስለሆነ ትምህርቷን ለነገ አትልም። ተሸንፋ መጥታ ራት በልታ ታውቃለች፤ ስንት ትልቅ ሰው አለ እሱን የማይችል? ጓደኞቿ ቤቱን ሞልተውታል፤ አንዷ ስትታመም ሁሉም ናቸው የሚሯሯጡት። ሰው ምን ይላል ካልከኝ ደግሞ፣ ሰፈሩ የሽው አባት እያለ ነው ሰላም የሚለኝ።»

«ሜትር የሚለው ስም ቀረ በለኛ።»

«ቀረ። እኔ የገባኝ ይሄ ነው ወንድሜ፤ ለእነዚህ ልጆች ሁሉን ነገር አጥብበን እንሰፋና መራመድ ሲያቅታቸው ተፈጥሯቸው ነው እንላለን። የሚሮጠውን ሰው ቆሞ ነው የለካሁት። በዚህ ዕድሜዬ ፕሮቫ ጀምሬያለሁ፤ አታፍርብኝ።»

ጋሽ ምላጭ ጉንጫቸውን አሻሹ፣ ደጅ ደጁን አዩና ወጡ። ጥቂት ቆይተው የልጅ ልጃቸውን ይዘው ተመለሱ። ልጅቱ የጋሽ ሜትርን ልማድ ከሰፈር ሰምታ ነበርና ገና ሱቁ እንደገባች ቀጥ ብላ ቆማ፣ እጆቿን ከጎኗ አጣብቃ፣ ትንፋሿን ያዘች።

«ኧረ ተንፍሺ» አሏት ጋሽ ሜትር፣ ሜትሩን ከአንገታቸው እያወረዱ። «መጀመሪያ እስከ መንገዱ ጥግ ድረስ ሩጪና ተመለሺ። እርምጃሽን ልየው፤ ከዚያ እለካሻለሁ።»

ልጅቱ አያቷን አየች። ጋሽ ምላጭ አንድ አፍታ አመነቱ፤ ከዚያም ከሱቁ ወጥተው መንገዱ መሃል ቆሙና እጃቸውን ግራና ቀኝ ዘርግተው አላፊ አግዳሚውን አስቆሙ።

«እስቲ ገለል በሉ» አሉ። «ልጄ ልትሮጥ ነው።»